ወርቃማዋን መርዛም እንቁራሪት ቤት ውስጥ ማሳደግ፦ ከዝንብ እርባታ እስከ እንቁላል

ስለዚህች እንቁራሪት ሲወራ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «አትገድልም ወይ?» የሚል ነው። ዱር ያደገችው ትገድላለች። በሰው ቤት ተፈልፍላ የፍራፍሬ ዝንብ እየበላች ያደገችው ግን መርዝ የላትም። ልዩነቱን የሚያመጣው ምግቧ ነው፤ ይህ መመሪያም የሚጀምረው ከምግቡ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ እንቁራሪቷን ይገዛል፣ ቀጥሎ ሳጥን ይፈልጋል፣ ምን እንደምትበላ የሚያስበው በሦስተኛው ቀን ነው። እዚህ ቅደም ተከተሉን እንገለብጠዋለን፤ እንቁራሪቷ የምትመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

በቅድሚያ ስለ እንስሳዋ

ሳይንሳዊ ስሟ ፊሎባቴስ ቴሪቢሊስ ነው። ቻርልስ ማየርስ፣ ጆን ዴሊ እና ቦሪስ ማልኪን በ1978 ዝርያዋን ገልጸው አሳተሙ። አገሯ ኮሎምቢያ ነው፤ በፓስፊክ ጠረፍ፣ በካውካ ግዛት፣ በሳይሃ ወንዝ አካባቢ ባለው ዝናብ የማይለየው ቆላማ ጫካ ውስጥ ትኖራለች። የዚያ አካባቢ ነባር ሕዝብ የሆኑት የኤምቤራ አዳኞች በትንፋሽ የሚወነጨፈውን ቀስታቸውን ጫፍ በሕይወት ያለች እንቁራሪት ጀርባ ላይ አሽተው ይመርዙት ነበር። ሌላ ዝግጅት አያስፈልገውም ነበር።

መርዙ ባትራኮቶክሲን ይባላል። የነርቭና የጡንቻ ሕዋሳት ላይ ያሉትን የሶዲየም በሮች ከፍቶ እንዳይዘጉ ያደርጋል፤ ልብም ምቱ ተዛብቶ ይቆማል። የአንዲት የዱር እንቁራሪት ቆዳ ወደ 1 ሚሊግራም የሚጠጋ ይይዛል፤ ይህም ብዙ ሰው ለመግደል ይበቃል። መርዙን ራሷ አትሠራውም፤ ጫካ ውስጥ ከምትበላቸው ጥቃቅን ነፍሳት ታከማቸዋለች። ከኮሎምቢያ እጅግ በራቀችው ኒው ጊኒም ይኸው መርዝ ኮሬሲን በሚባሉ ትንንሽ ጥንዚዛዎችና እነሱን በሚበሉ ፒቶሁይ በተባሉ ወፎች ላይ ተገኝቷል። ስለዚህ እንዲህ ያሉትን የጫካ ነፍሳት ያልበላች እንቁራሪት መርዝ የምታመጣበት መንገድ የለም። ከጫካ የተያዘች ግን ምግቧ ቢቀየርም መርዙን ለዓመታት ይዛ ትቆያለች። ይህን ልብ በሉ፤ ለመጀመሪያው ደረጃ ይጠቅማል።

ደረጃ 1፦ ከየት እንደምትገዙ ወስኑ

ከጫካ የተያዘች እንቁራሪት አትግዙ፤ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። አንደኛ፣ ከላይ እንዳልነው አደገኛ ናት። ሁለተኛ፣ ዝርያዋ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ናት፤ የምትኖርበት ቦታም ጠባብ ስለሆነ አንድ ኮንትሮባንዲስት ብቻውን ብዙ ጉዳት ያደርሳል። ሦስተኛ፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስላለች ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ወንጀል ነው።

በሰው እጅ የተፈለፈሉት ግን በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ በቀላሉ ይገኛሉ። ከራሷ ከኮሎምቢያም ቴሶሮስ ዴ ኮሎምቢያ የተባለው ድርጅት እያራባ በሕጋዊ መንገድ ወደ ውጭ ይልካል፤ ሐሳቡ የኮንትሮባንዱን ገበያ ማድረቅ ነው። ሻጩን እነዚህን ጠይቁት፦ ወላጆቿን ማየት እችላለሁ? የተፈለፈለችው መቼ ነው? አሁን ምን እየበላች ነው? የምትኖሩት በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከሆነ ሕጋዊ ምንጯን የሚያሳየውን ወረቀት ተቀብላችሁ አስቀምጡ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የግዛታችሁንና የምትከራዩትን ቤት ደንብ አስቀድማችሁ እዩ። መርዛም የሚለውን ስም ብቻ ሰምቶ የሚደነግጥ አከራይ አይጠፋም።

ሦስት ዓይነት ቀለም አለ፦ ቢጫ፣ ብርቱካናማ እና ፈዛዛ አረንጓዴ። የወደዳችሁትን ምረጡ፤ ነገር ግን አትቀላቅሏቸው። ፊሎባቴስ ባይከለር ከተባለችው ዘመዷ ጋር ደግሞ ፈጽሞ አንድ ሳጥን ውስጥ አታስገቡ፤ ይዳቀላሉ፤ የዘር መስመሩም ይበላሻል።

ለጀማሪ ከሦስት እስከ አራት ወር የሆናቸው፣ በደንብ የሚበሉ ሦስት ወይም አራት ልጆች ጥሩ ናቸው። የአንዳንድ ሌሎች መርዛም እንቁራሪቶች ሴቶች ሲጣሉ እስከ መጋደል ይደርሳሉ፤ እነዚህ ግን በቡድን ተስማምተው ይኖራሉ።

ደረጃ 2፦ ዝንብ አርቡ

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። በበሰለ ሙዝና በጠላ ዙሪያ የሚያንዣብቡትን ጥቃቅን ዝንቦች ታውቋቸዋላችሁ። የእንቁራሪቷ እንጀራ እነሱ ናቸው፤ የምትገዙት ግን መብረር የማይችለውን ዓይነት ነው። ሁለት ዝርያ አለ፦ ትንሹ ሜላኖጋስተር እና ተለቅ ያለው ሃይዴይ። ትንሹ በሁለት ሳምንት ገደማ አዲስ ትውልድ ይሰጣል፤ ትልቁ ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ለቴሪቢሊስ ዋናው ምግብ ሃይዴይ ነው፤ አፏ ሰፊ ነው፣ በትንሹ ዝንብ ቶሎ አትጠግብም።

ማርቢያው ቀላል ነው። ክዳኑ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ መተንፈሻ ያለው የ1 ሊትር ፕላስቲክ ኩባያ አዘጋጁ። በፓኬት የሚሸጥ ደረቅ የድንች ፑሬ ዱቄት፣ ትንሽ ስኳር፣ የቢራ እርሾ እና ሻጋታ እንዳይዘው ቀረፋ ቀላቅሉ። ከዚህ ግማሽ ኩባያ ያህል ጨምራችሁ፣ ትንሽ አቼቶ የገባበት ሙቅ ውሃ እያፈሰሳችሁ ወፍራም ገንፎ እስኪሆን አማስሉት። ሲቀዘቅዝ ቁንጥር የዳቦ እርሾ ከላይ በተኑበት፤ ዝንቦቹ የሚወጡበትን የቡና ማጣሪያ ወረቀት አጣጥፋችሁ ትከሉበት፤ ከዚያ ሃምሳ ያህል ዝንብ ጨምሩ። በ22 እና በ26 ዲግሪ መካከል ባለ ቦታ ይቀመጥ።

ሁለት ነገር ይበላሻል። አንዱ ምስጥ የሚያካክል እንኳ ያልሆነው፣ በዓይን በጭንቅ የሚታየው ማይት ነው፤ አሮጌ ኩባያ ውስጥ ይፈላና ዝንቡን ይጨርሳል። ወር የሞላውን ኩባያ አትሳሱለት፣ ጣሉት። ሌላው ከኩሽና የገባ የሚበር ዝንብ ነው፤ ከእናንተዎቹ ጋር ከተዳቀለ ልጆቹ ይበራሉ፤ ያኔ ቤታችሁ ማን እንደነገሠበት ታያላችሁ። በየሳምንቱ አዲስ ኩባያ ጀምሩ፤ ቀኑን ኩባያው ላይ ጻፉ፤ ሁልጊዜም አንድ መጠባበቂያ በሌላ ክፍል ይኑራችሁ። ለአንድ ወር ተኩል ያህል ሳታቋርጡ ዝንብ ማምረት ከቻላችሁ እንቁራሪት ለመግዛት ተዘጋጅታችኋል። ካልቻላችሁ አትግዙ። ጨካኝ ምክር ይመስላል፤ ግን በዚህ ሥራ ብዙ ልጅ እንቁራሪቶች የሚሞቱት ዝንቡ ያለቀበት ሳምንት ላይ ነው።

ከዝንቡ ጎን ለጎን ስፕሪንግቴይል የሚባሉትን እንደ ነጭ ነቁጥ ያሉ ዘላይ ነፍሳት በእርጥብ ከሰል ላይ አርቡ። ሩዝ ጣል እያደረጉ ማቆየት ይቻላል። እነሱ ሳጥኑ ውስጥ ገብተው ሻጋታና ኩስ ይበላሉ፤ ጽዳቱን ከእናንተ ይረከባሉ።

ደረጃ 3፦ ሳጥኑን ሥሩ

ለሦስት ወይም አራት አዋቂዎች 60 በ45 በ45 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ከፊት የሚከፈት የመስታወት ሳጥን (ቴራሪየም) ይበቃል። ከቁመት ይልቅ ወለሉ ይስፋ፤ ይህች እንቁራሪት መሬት ለመሬት የምትሄድ ናት። ክዳኑ አብዛኛው መስታወት ሆኖ ጠባብ መተንፈሻ ብቻ ይቅር፤ እሱም ዝንብ በማያሳልፍ ረቂቅ ወንፊት ይሸፈን።

ወለሉን ከታች ወደ ላይ እንዲህ ደርድሩ። መጀመሪያ ውሃ የሚጠራቀምበት 5 ሴንቲሜትር ያህል ቀላል የሸክላ ጠጠር። በላዩ አፈሩ እንዳይወርድ የመስኮት ወንፊት። ከዚያ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር አፈር፤ ግን የአትክልት ቦታ አፈር አይደለም። በአትላንታ የዕፅዋት ማዕከል የተቀመረውና ሁሉም የሚጠቀምበት ድብልቅ አለ፦ ሁለት እጅ የዛፍ ፈርን ጭረት፣ ሁለት እጅ የኦርኪድ ቅርፊት፣ አንድ እጅ ፒት (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ ዕፅዋት)፣ አንድ እጅ የደቀቀ ከሰል፣ አንድ እጅ ስፋግነም (ውሃ የሚይዝ ሽበት)። ውሃ ይይዛል፣ ግን አይጨቀይም፤ ለዓመታትም ሳይበሰብስ ይቆያል።

በመጨረሻ አፈሩ እስከማይታይ ድረስ ደረቅ ቅጠል ይነስነስበት። የኦክ ወይም የማግኖሊያ ቅጠል ጠንካራ ነው፤ ከመንገድ ዳር ሳይሆን መድኃኒት ካልተረጨበት ቦታ ለቅሙና አፍልታችሁ ተጠቀሙበት። ቅጠሉ ጌጥ አይደለም። እንቁራሪቷ የምትደበቀው፣ ዝንቡ የሚሸሸገው፣ ስፕሪንግቴይሉ የሚራባው እዚያ ነው። መደበቂያ የሌላት እንቁራሪት ትጨነቃለች፣ አትበላም። የሚገርመው፣ መደበቂያ በበዛ ቁጥር ይበልጥ ትታያለች፤ መሸሸጊያዋ ቅርብ መሆኑን ስታውቅ ቀን ለቀን በድፍረት ትንጎራደዳለች።

ተክሎች ላይ ብዙ አትጨነቁ፤ ፖቶስ፣ ፈርን፣ አንድ ሁለት ብሮሚሊያድ ይበቃል። ዋናው ማጠብ ነው። የችግኝ ቤት ተክል ፀረ ተባይ ይዞ ይመጣል፣ ቀንድ አውጣም ይዞ ይመጣል። የነበረበትን አፈር ሙሉ በሙሉ አራግፉ፤ አንድ እጅ በረኪና በሃያ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ለጥቂት ደቂቃ ንከሩት፤ ከዚያ ደጋግማችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። መብራት ለተክሉ ነው፤ ነጭ ኤልኢዲ በቀን 12 ሰዓት በቂ ነው።

ስፕሪንግቴይሉን ለቃችሁ ሳጥኑን ባዶውን ለአንድ ወር አቆዩት። መጀመሪያ ሻጋታ ይወጣል፤ አትደንግጡ፣ ይጠፋል። ተክሉ ሥር ሲሰድና ቅጠሉ ሥር ነፍሳት ሲርመሰመሱ ስታዩ ሳጥኑ ደርሷል።

ደረጃ 4፦ ሙቀትና ውሃ

ትልቁ ስህተት እዚህ ነው የሚሠራው። «የሐሩር ጫካ እንስሳ ናት» ብሎ ማሞቂያ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። የጫካው ወለል ጥላ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። ቀን ከ22 እስከ 25 ዲግሪ፣ ሌሊት ትንሽ ዝቅ ያለ ይስማማታል። ሙቀቱ ከ28 ካለፈ ትታመማለች፤ በዚያው ከቆየ ትሞታለች። ሰው ተመችቶት የሚቀመጥበት ክፍል ለእሷም ይመቻል። ሳጥኑን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቁት፤ በበጋ ማቀዝቀዣው ቢጠፋ ክዳኑ ላይ የምታስቀምጡት የበረዶ ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ ይኑራችሁ።

እርጥበቱ ከ80 በመቶ በላይ ይሁን፤ ጠዋትና ማታ መርጨት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ነገር ግን በሁለቱ ርጭት መካከል ቅጠሉ ገጽ ላይ ጠፈፍ ይበል። ሁልጊዜ ጨቅይቶ የሚውል ወለል የእንቁራሪቷን የሆድ ቆዳ ያቆስላል። ጥልቀት የሌለው የውሃ ሳህን አስቀምጡላት።

እንቁራሪት ውሃን በአፏ አትጠጣም፣ በቆዳዋ ነው የምትመጠው፤ ስለዚህ በውሃው ያለ ነገር ሁሉ ደሟ ውስጥ ይገባል። የቧንቧ ውሃ በባልዲ አሳድሮ መጠቀም ክሎሪንን ያስወግዳል፤ ከክሎሪንና ከአሞኒያ የሚሠራውን ክሎራሚን የተባለ የውሃ ማከሚያ ግን አያስወግድም። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የዋሽንግተን ዲሲ ውሃ ዓመቱን አብዛኛውን በክሎራሚን የሚታከም ነው። ለዓሣ ገንዳ የሚሸጠውን ማከሚያ ጠብታ ተጠቀሙ። ለመርጫው የተጣራ ውሃ ብታደርጉ ደግሞ መስታወቱ ላይ ነጭ ጠባሳ አይተውም።

ደረጃ 5፦ ስትመጣ

በቀጥታ ወደ ሳጥኑ አታስገቧት። እርጥብ የወጥ ቤት ወረቀት፣ ጥቂት ቅጠልና መደበቂያ ባለው ተራ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ወር ለብቻዋ ትቆይ። በነጭ ወረቀት ላይ ኩሷ ይታያል፤ ትኩሱን ሰብስባችሁ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ለጥገኛ ትል ይመርመር። ለኪትሪድ ፈንገስም ቆዳዋን በጥጥ አስጠርጋችሁ አስመርምሩ። ይህ ፈንገስ በዓለም ዙሪያ ብዙ የእንቁራሪት ዝርያዎችን ያመነመነ ነው።

በእጅ አታንሷት። እናንተን ስለምትጎዳ አይደለም፤ የእጃችሁ ጨው፣ ሳሙናና ቅባት እሷን ይጎዳታል። ከቦታ ቦታ ማዛወር ሲያስፈልግ ኩባያ ከፊቷ አድርጋችሁ ከኋላ በቀስታ ገፋ አድርጓት፤ ራሷ ትገባለች። ከነካችሁም፣ ካልነካችሁም እጃችሁን ታጠቡ።

ደረጃ 6፦ ማብላት

ደረቅ ኩባያ ውስጥ ቁንጥር ካልሲየም ከቫይታሚን ዲ3 ጋር የያዘ ዱቄት አድርጉ፤ ዝንቦቹን ከላይ አራግፋችሁ ኩባያውን አሽከርክሩት። ዝንቦቹ ዱቄት የወደቀበት ሠራተኛ መስለው ነጭ ይሆናሉ፤ እንደዚያው ሳጥኑ ውስጥ ድፏቸው። ዱቄቱ ከተከፈተ ስድስት ወር ካለፈው ይጣል፤ ኃይሉ ይሞታል። በወር አንድ ሁለቴ ቫይታሚን ኤ ያለበትን ተጠቀሙ፤ ሲጎድላት ምላሷ ዝንቡ ላይ ሳይደርስ እየሳተ ያስቸግራታል።

ልጆቹ በየቀኑ፣ አዋቂዎቹ በሳምንት አራት አምስት ቀን ይብሉ። አዋቂዎቹ ክሪኬት የተባሉትን ፌንጣ መሰል ትንንሽ ነፍሳትም ይወዳሉ፤ ያልተበላ ክሪኬት ግን ሌሊት የተኛችውን እንቁራሪት ይነክሳታልና የተረፈውን አውጡ።

ስትበላ ቁጭ ብላችሁ እዩ፤ ጤናዋ የሚነበበው ያኔ ነው። ዝንቡን ስታይ ቀጥ ትላለች፤ የኋላ እግሯ ጣት ቅጠሉን ቶሎ ቶሎ መታ መታ ማድረግ ይጀምራል፤ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች፤ ከዚያ ዝንቡ የለም። ጣቷ የማይንቀሳቀስ፣ ዝንብ ጀርባዋ ላይ ሲሄድ ዝም የምትል እንቁራሪት ታማለች። የዳሌዋ አጥንት ጎልቶ ከታየ፣ መብራት ሲበራ ከተንቀጠቀጠች (የካልሲየም እጥረት ነው)፣ ሆዷ ከቀላ፣ እንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት። ሁሉም ሐኪም እንቁራሪት አያይም፤ የሚያየውን ሳይቸግራችሁ በፊት ፈልጋችሁ ስልኩን ያዙ።

ደረጃ 7፦ እንቁላልና ልጆች

ለመራባት ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅባቸዋል። ወንድና ሴቱን በመልክ መለየት ያስቸግራል፤ ሴቷ በትንሹ ትገዝፋለች። አስተማማኙ ምልክት ድምፅ ነው፤ ወንዱ ረዘም ያለ፣ ቀጭን፣ ሳይቆራረጥ የሚንቀጠቀጥ ጥሪ ያሰማል።

ለሁለት የተሰነጠቀ የኮኮናት ቅል ላይ በር ከፍታችሁ በክብ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ድፉት። እንቁላሉን እዚያ ይጥላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከሃያ አይበልጥም። ወንዱ እየተመላለሰ ያረጥበዋል። እዚያው መተው ይቻላል፤ ሲፈለፈሉ አባትየው ልጆቹን በጀርባው አዝሎ ወደ ውሃ ይወስዳቸዋል፤ ይህን አንዴ ማየት ደግ ነው። ብዙ እንዲተርፉላችሁ ከፈለጋችሁ ግን ሳህኑን አውጥታችሁ፣ እርጥብ ወረቀት ባለው ክዳናም ዕቃ ውስጥ በ23 ዲግሪ ገደማ አቆዩት። ነጭ ሆኖ የሻገተው ያልዳበረ ነው፣ ለይታችሁ አስወግዱት።

በሁለት ሳምንት ገደማ ጅራታሞቹ ታድፖሎች ይወጣሉ። የቴሪቢሊስ ታድፖሎች እንደ አንዳንዶቹ ዘመዶቻቸው እርስ በርስ ስለማይበላሉ አንድ ገንዳ ውስጥ ማሳደግ ይቻላል። የሕንድ አልሞንድ (ካታፓ) የሚባለውን ዛፍ ቅጠል ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ሻይ አስመስሉት፤ ስፒሩሊና (የውሃ አልጌ ዱቄት) እና የዓሣ ምግብ በጥቂቱ ስጡ፤ የተረፈው ውሃውን እንዳያቆሽሽ በየጊዜው ለውጡ። ወደ ሁለት ወር ሲጠጉ የፊት እግራቸው ይወጣል። በዚያ ቀን ውሃውን አሳንሱና የሚወጡበት ዳገት አድርጉላቸው፤ አለበለዚያ ይሰምጣሉ። ጅራታቸው እስኪጠፋ አይበሉም፤ ምግባቸው እሱ ነው። የፊት እግራቸው እንደ ክር የቀጠነ ከወጣ አይተርፉም፤ የወላጆቹን ምግብና ቫይታሚን መርምሩ።

የመጀመሪያዋን ልጅ ስታዩ የሌላ ዝርያ እንዳይመስላችሁ፤ ጥቁር ሆና ጀርባዋ ላይ ሁለት ወርቃማ መስመር አላት። ወርቁ ቀስ በቀስ በወራት ውስጥ ጥቁሩን ይሸፍነዋል። ገና ከውሃ ስትወጣ ስፕሪንግቴይልና ትንሹን ዝንብ በየቀኑ ትፈልጋለች።

ልጆቹ ሲበዙ ለሌላ አርቢ ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ወር እስኪሞላቸው ጠብቁ፤ የወላጆቻቸውን ቀለምና ምንጭ ጽፋችሁ አብራችሁ ስጡ። ውጭ ሜዳ ላይ መልቀቅ ግን በየትኛውም አገር ክልክል ይሁንባችሁ፤ ከሳጥኑ የሚወጣውንም ውሃ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጓሮ አትድፉ፣ በረኪና ጨምራችሁ አቆይታችሁ ወደ መጸዳጃ ቤት አፍስሱት። ኪትሪድ የሚዛመተው በውሃና በእርጥብ አፈር ነው። በባሌ ተራሮች እንቁራሪቶች ላይም ተገኝቷል፤ እዚያው በሐረና ጫካ ብቻ የምትኖረው ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒ የተባለች እንቁራሪት በቋፍ ላይ ካሉት ዝርያዎች አንዷ ናት። ስለዚህ ለበዓል ወደ አገር ቤት ስትገቡ እንቁራሪቱም፣ ተክሉም፣ የሳጥኑ አፈርም እዚያው ይቅር፤ ጫካ ለመሄድ ካሰባችሁ ጫማችሁን አጥባችሁ አድርቁ። እናንተ ሳትኖሩ ዝንቡን የሚያራግፍላችሁ ሰው ደግሞ ቀድማችሁ አሰልጥኑ። አዋቂዎቹ ለጥቂት ቀን ቢዘለሉ አይጎዱም፤ ከሦስት ወር በታች ያሉት ልጆች ግን ሁለት ቀን አይችሉም።